አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ቤቴ ብገባ እህል አይወርድልኝም። ታገሡኝ፤ ወሬ እንደማበዛ ታውቃላችሁ። ጌታ ይባረክ!

በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ እማር ነበር። የመጨረሻው ዓመት ላይ የጓደኞቼ ወሬ ምደባ ብቻ ሆነ፤ አንዷ ጋዜጣ ትላለች፣ ሌላው ማስተማር ይላል። እኔ የሬዲዮ ድራማ ካልጻፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነበርኩ። አባቴ "ልብ ወለድ ይበላል እንዴ?" እያለ ስላሾፈብኝ፣ ስሜን ከሬዲዮ እንዲሰማው ፈልጌ ነበር።

ያኔ የምኖረው ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ተከራይቼ ነበር። አንድ ቀን የቀበሌያችን ካድሬ አስጠራኝ።

"ጸሐፊ ነሽ አሉ። ጴንጤዎችን የሚያጋልጥ ቴአትር ጻፊልን፤ ለበዓሉ አዳራሽ ይታያል። ካማረ ሬዲዮ እንድትመደቢ እኔ እነግርልሻለሁ። እምቢ ካልሽ ግን..."

አልጨረሰውም። በዚያ ዘመን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

አከራዬ እትዬ ጫልቱ ጴንጤ መሆናቸውን ከግቢው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ክፍላችን ስለሚዋሰን የሹክሹክታ ጸሎታቸው በግድግዳው ይሰማኛል። "እትዬ፣ ከእናንተ ጋር መጸለይ እፈልጋለሁ" አልኳቸው። አመኑኝ። "ነይ ልጄ" ብለው አስገቡኝ።

ምን ባይ ጥሩ ነው? እሳቸው ቤት ተደብቀው የሚሰበሰቡት ሰዎች ጸሎቱን በሹክሹክታ ያደርሳሉ፤ ለመዝሙር ግን አውሮፕላን ይጠብቃሉ! ጣሪያውን እያንቀጠቀጠ ሲመጣ በሙሉ ድምፃቸው ይዘምራሉ። እትዬ ጫልቱ እጃቸውን ሲያወርዱ፣ ስንኙ መሐል ላይ ቢሆኑም ቁርጥ! ሳቄን አፈንኩ። "ቴአትሬን አገኘሁ" አልኩ በልቤ።

ግን ተመላለስኩ። አንድ ከሰዓት እትዬ ጫልቱ ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው "ጌታ ሆይ፣ ይቺ ልጅ የምትጽፈውን ባርክላት፤ ሥራም ስጣት" አሉ። ወገኖቼ፣ ቤታቸውን ላፈርስ እኮ ነው የምጽፈው! ያኔ አውሮፕላኑ መጣ፤ መዝሙሩ ተነሣ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንባዬ እየወረደ ዘመርኩ። ለካ አውሮፕላኑ ሄዷል! ሁሉም ዝም ብሏል፣ እኔ ብቻ እጮኻለሁ። ዓይኔን ስገልጥ የእትዬ ጫልቱ ፊት አመድ መስሏል።

በሩ ተንኳኳ። አብዮት ጥበቃ ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁና መልሼ ዘጋሁት። ጠመንጃውን እንዳነገተ አየኝ።

"አንቺ ነሽ እንዴ? ለቴአትሩ እየተለማመድሽ ነው? ጎበዝ፣ ልክ እንደነሱ ነው የምትጮኺው!" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ሃሌ ሉያ! ራሱ ጠየቀ፣ ራሱ መለሰ! አሜን በሉ እንጂ፣ ምነው ቀዘቀዛችሁ!

በማግስቱ ካድሬው ፊት ባዶ እጄን ቆምኩ።

"ቴአትሩስ?"

"አልጽፍም፣ ጓድ።"

"ሬዲዮውስ?"

"ይቅርብኝ። እኔም ጌታን አምኛለሁ።"

ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። "ማን አሳመነሽ? ስም ጥሪ!"

አንድም ስም ከአፌ አልወጣም። ታሰርኩ። ስፈታ ሬዲዮ ቀርቶ ገጠር ተመድቤ ሕፃናት ፊደል አስቆጠርኩ። እትዬ ጫልቱ ቤት ግን ማንም አልደረሰም። ያ ጥበቃ አምኜ መታሰሬን ካወቀ በኋላም እዚያ ቤት የሰማውን ለምን እንዳልተናገረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጌታ ያውቃል። ክብር ለስሙ ይሁን!

አሁን ለዚህች ቤተ ክርስቲያን ድራማ እጽፋለሁ። እናንተ ጽሑፍ የምትማሩ ልጆች "ምን ሥራ እናገኝበታለን?" እያላችሁ ታስጨንቁኛላችሁ። ምደባችሁን አላውቅም። የእትዬ ጫልቱን ጸሎት የሰማው አምላክ ግን የእናንተንም ይሰማል፤ እመኑት። ከኋላ ወንበር ለመታዘብ የመጣህ ካለህም፣ እኔም እንዳንተ ነበርኩ፤ ና።

ቅድም ስንዘምር አውሮፕላን አለፈ፤ ሰማችሁ? ዛሬም ድምፁ ሲርቅ ልቤ ድንግጥ ይላል። አፌን ልዘጋ ስል ቀና አልኩ፤ እናንተ አላቆማችሁም ነበር።