የጋሼ ብረቱ ትኩሳት

ጋሼ ብረቱ በቤተ ሙከራችን ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን ታምሞ ቀርቶ አያውቅም። ቅጽል ስሙም የወጣለት ለዚሁ ነው። ሲያስነጥስ እንኳ «አቧራ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። እኔ እዚያው ዕቃ አጣቢ ነኝ፤ ግትርነቱ ያናድደኛል፣ ሰውየውን ግን እወደዋለሁ።

ሥራው ከማቀዝቀዣው ክፍል ብልቃጦች ምርምሩን ለምትመራው ዶክተር ማድረስ ነው። ብልቃጦቹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የብር ቅንጣቶች አሉ፤ በዲ ኤን ኤ ክር ተጠቅልለው መድኃኒት ይዘዋል። ልዩ መብራት ሲበራባቸው ቀይ ያበራሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ሲደርሱ ክሩ ይፈታል፣ መድኃኒቱ ይለቀቃል፣ ቀዩም አረንጓዴ ይሆናል። የታሰበው ትኩሳት ያለበት ሰው ውስጥ ብቻ እንዲከፈቱ ነው።

ለማጓጓዣ የተሰጠውን ሣጥን ጋሼ ብረቱ አያምነውም። አንዴ እጀታው ተነቅሎ ብልቃጦቹ እንክትክት ብለውበታል። ከዚያ ወዲህ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ነው የሚያመጣቸው። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ምርምሩ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስኑት ገምጋሚዎች ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ዶክተሯ መብራቱን ብታበራ፣ ሁሉም አረንጓዴ! ፊቷ ዐመድ መሰለ። ቅንጣቶቹ ያለ ጊዜያቸው የሚከፈቱ ከሆነ ምርምሩ ይዘጋል፤ የአምስት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ምን አደረግካቸው?»

«ምን አደርጋቸዋለሁ? እንደ ወትሮው በብብቴ ይዤ መጣሁ።»

«በብብትህ?!»

ልትጮህበት አፏን ከፍታ ሳለ ዓይኑ መቅላቱን አየች። ግንባሩን ዳሰሰችው።

«ጋሼ፣ አተኩሶሃል!»

«አቧራ ነው።»

በግድ ለካነው። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት! ዶክተሯ እየዘለለች አቀፈችው። ሰው ታሞ እንዲህ ሲደሰቱ አይቼ አላውቅም።

«በናትህ ጋሼ፣ እስከ ነገ እንዳትድን!»

አንጀቷን ሊያሳርር ዳነ። በማግስቱ ገምጋሚዎቹ ፊት በብብቱ የያዛቸው አዳዲስ ብልቃጦች ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቀይ እንደሆኑ ቀሩ። ዶክተሯ ላብ በላብ ሆነች። እኔ አላስቻለኝም።

«ትናንት አተኮሰው፣ ተከፈቱ። ዛሬ ዳነ፣ አልተከፈቱም። የተፈለገው ይኸው አይደል እንዴ?» አልኩ።

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ሳቀች። እነዚያኑ ብልቃጦች ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ አስነከረቻቸው፤ አረንጓዴ ሆኑ። ምርምሩ ይቀጥል ብላ ፈረመች። የዶክተሯ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

ነገሩ ያልገባው ጋሼ ብረቱ ጠጋ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«አታልቅሺ ልጄ፤ ካስፈለገ ደግሜ እታመማለሁ» አላት።