በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት ድምፅ

ከጉለሌ የተነሣሁት እህቴ በላይነሽ የልጇን ድምፅ ሳትሰማ እንዳትሞት ብዬ ነው። ልጇ ታደሰ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከዘመተ ሦስት ዓመቱ ነው። እሷ ሱሉልታ አልጋ ይዛለች፣ ዓይኗም ጠፍቷል። ደብዳቤ ሲነበብላት «ይሄ የአንባቢው ድምፅ ነው እንጂ የልጄ አይደለም» ትላለች። ታደሰ ይህን ሲሰማ ድምፁን በካሴት ቀድቶ፣ ለእረፍት በመጣ ጓደኛው እጅ እኔ ዘንድ ላከው። በአንዱ ገጽ እሱ ያወራል፤ በሌላው የነበረው ዘፈን አልተነካም።

ማጫወቻውን ያዋሰኝ ጎረቤቴ ባለሱቁ ሸምሱ ነው። የጸሎት መጽሐፍ የምታህል፣ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰማ ቴፕ ናት። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከገበያ ስለጠፋ፣ አሮጌውን ሁለት ቀን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሙቆታል።

«እማማ፣ ነፍሱ ትንሽ ናት። ዘፈን እንዳይሰሙበት፣ አደራ!»

«በዚህ ዕድሜዬ ልጨፍር ብለህ ነው?» አልኩት። ድንጋዩን ቆጥቤ ታደሰንም ሳልሰማው ከነቴፗ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

ጠዋት፣ ቁስቋም

የቀበሌ የይለፍ ወረቀቴንና ቆሎዬን ይዤ፣ እንጦጦ ማርያምን ልሳለም ብዬ በእግሬ ዳገቱን ጀመርኩ። ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ጫማዬን እየያዘ አስቸገረኝ። የባሕር ዛፉ ሽታ ግን ደረት ይከፍታል።

ረፋድ፣ እንጦጦ ማርያም

ተሳልሜ ስወጣ ሦስት እንጨትና ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች ሸክማቸውን እንዳዘሉ ግንብ ተደግፈው ያርፋሉ። ቆሎ አካፈልኳቸው። አስካለ የምትባለዋን ገመዱ ትከሻዋን ልጦታል። ከቋጠሮዬ ብቅ ያለችውን ቴፕ አየችና ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ዘፈን ጆሮ ውስጥ የምታንቆረቁር ናት።»

«እስቲ ለኔም ጠብ ያድርጉልኝ!»

አደራው ትዝ አለኝ። ትከሻዋን ሳይ ግን እጄ ቀደመኝ። ማዳመጫውን አደረግሁላት። ከነሸክሟ ትከሻዋ መነቅነቅ ጀመረ።

«ቅጠሉም እስክስታ ወረደ!» ብለው ጓደኞቿ ሳቁ። በየተራ ሰሙ። ገጹ እስኪያልቅ አልነጠቅኳቸውም።

ከቀትር በኋላ፣ ሱሉልታ

በላይነሽ ከስታ ከብርድ ልብሱ አትለይም። «ይዤልሽ መጣሁ» ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁ። ፈገግ አለች። ወዲያው ፊቷ ጠቆረ።

«ኧረ ይሄ ልጄ አይደለም። ሽማግሌ ነው።»

ወስጄ ሰማሁ። ድንጋዩ ደክሞ ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነው፤ አንድ ቃል አይለይም። ከዚያም ጭራሹን ቆመ። ድንጋዮቹን አውጥቼ በጥርሴ ነከስኳቸው፣ በብብቴ አሞቅኳቸው። እምቢ አሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ለመንገደኛ ዘፈን አሰማሁበት።»

እጄን ዳብሳ ያዘችኝ። «ጨፈሩ?»

«አንዷ ጨፈረች።»

«ተይው እንግዲህ። አዲስ ድንጋይ ስታገኚ ትመጫለሽ።»

ጉለሌ

በማግስቱ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ሸምሱ አዲስ ድንጋይ እስኪያገኝ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ የበላይነሽ መርዶ ቀደመው። ከቀብሯ መጥቼ ብቻዬን ሰማሁት። ፈጣን የልጅ ድምፅ ነው፤ «እማዬ፣ ካሴቱ እንዳያልቅብኝ ነው እንዲህ የምሮጠው» ይላል።

ስንቅን ለመንገደኛ ማካፈል ጽድቅ ነው ስል አርጅቻለሁ። ያ ስንቅ ግን የኔ አልነበረም፤ የበላይነሽ ነበር። መንገዱ ያስተማረኝ ይህንን ነው። አስካለን ግን ልቀየማት አልቻልኩም።

የካሴቱ መጨረሻ ላይ ታደሰ ይስቅና «ዘፈኑን አጥፊውና በሱ ገጽ ያንቺን ድምፅ ላኪልኝ» ይላታል። በእሷ ፈንታ እኔ እንድናገር፣ ሸምሱ በመብራት የሚሠራውን መቅጃ ያለውን ትልቁን ቴፕ ሱቁ ውስጥ አዘጋጅቶ እየጠበቀኝ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።