የእናቴን መቀነት ያስመለሰ ጫማ

የስፌት ቤቴ ፍኖተ ሰላም ከዋናው መንገድ ዳር ናት። ባጃጁም የፈረስ ጋሪውም በደጃፌ ያልፋል። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ደግሞ አንገቱን አስግጎ፣ "ዛሬም ታስረሽ ነው?" ይለኝ ነበር። "አዎ፣ ዋስ አጥቼ!" እላለሁ። ውሸትም አልነበረም። እናቴ በየጠዋቱ ቀኝ እግሬን በገዛ መቀነቷ ከስፌት መኪናው መርገጫ ጋር ታስረው ነበር።

በሕፃንነቴ ፖሊዮ የነካው እግሬ ነው። ጭኔ ጉልበት አያጣም፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ግን እንደ ረጠበ ጨርቅ ዘንበል ይላል። ካልታሰረ ከመርገጫው ተንሸራቶ ከሥር ይገባና ብረቱ ይቆነጥጠዋል። "በደህናይቱ እግርሽ ብቻ ስፊ" የሚሉኝ አሉ። ሞክሬዋለሁ። አንድ በሬ ብቻውን ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ያየ ካለ ይንገረኝ! ካኪ ላይ ስደርስ ወገቤ ይከዳኛል።

"ለምን ራስሽ አታስሪውም?" የሚሉም አይጠፉም፤ ጠቤ ከእነሱ ጋር ነው። ወንበር ላይ ሆኜ ልጎነበስ ስል ግንባሬ ከጠረጴዛው ይጋጫል። መሬት ተቀምጬ ካሰርሁት ደግሞ እግሬ እዚያው ቀርቶ እኔ እንዴት አድርጌ ወንበር ላይ እወጣለሁ? ስለዚህ እናቴ ታስራለች፤ ልኬት የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ትፈታለች፤ እንደገና ጎንበስ ብላ ታስራለች። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ እንደ አዋጅ ነጋሪ መጮህ ነበረብኝ።

እናቴ የደጋ ዳሞት ሰው ናት፤ አገሯ ከፈረስ ቤት ወዲያ ነው። ሱቁን ስከፍት "ለአንድ ሰሞን" ብላ መጣች፤ ያ ሰሞን ዓመታት ፈጀ። ቤቷ ተቆልፎ፣ ከብቷን አጎቴ ይዞላት፣ የማርያም ማኅበሯን ጎረቤት እያወጣላት እሷ እዚህ የእኔን እግር ትጠብቃለች። "ሂጂ እማዬ፣ እኔ ምን እሆናለሁ?" ስላት፣ "አስሬሽ ልሂድ ወይስ ሳላስርሽ ልሂድ? የቱን መረጥሽልኝ?" ትለኛለች። የአገሯ ሰው ሱቅ ብቅ ባለ ቁጥር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሷ፣ ስለ ላሟ አንድ በአንድ ትጠይቃለች።

መቀነቱም እንዲያው መቀነት አልነበረም። ጥለት ያለው፣ ለክት ብላ ያሠራችው ነው። ሌላ ጨርቅ ሞክረን ነበር፤ አንዱ ይላላል፣ ሌላው ይከረክረኛል። የእሷ መቀነት ብቻ ሳይጎዳ ያዘኝ። የደጋ ዳሞቷ እመቤት ወገቧን በእኔ የካኪ ቅዳጅ ታጥቃ ስትዞር አፍር ነበር። "ሌላ ልግዛልሽ" ስላት፣ "ወገቤ የሚያውቀው አንድ መቀነት ነው" ትለኛለች።

አምና ነሐሴ ላይ ለተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሆን ካኪ ልንገዛ ቡሬ ወረድን። ገበያው መሐል ከውጭ የመጣ ልባሽ የቦንዳ ጫማ የሚሸጥ ሰውዬን ሰው ከቦት ይስቃል። ጠጋ ስንል አንድ ጥንድ ግዙፍ ቦቲ ጫማ አለ፤ የአንደኛው ሶል ላይ ብረት ነክሶ ቀርቷል። ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ይዘው ይጎትታሉ። አንዱ በድንጋይ ያንኳኳል። ብረቱ ንቅንቅ አይልም።

"እስቲ ወዲህ በሉት" አለች እናቴ።

"ይተዉት እማማ፣ እጅዎን ይቆርጥዎታል" አላት ሻጩ።

እናቴ የስንት ዓመት ፈቺ ናት፤ ማን ይመልሳታል? ተቀብላ አገላበጠችው። ከብረቱ ጎን እንደ ምላስ ወጣ ያለች ነገር አገኘች። ሳብ ስታደርጋት ቀጭ! ጫማው በአንድ እጇ፣ ብረቱ በሌላው እጇ ቀረ። ገበያው በሳቅ አወካ። ጎረምሶቹ አንገታቸውን ደፉ።

ሻጩ መልሶ ጫማውን ብረቱ ላይ ጫነው፤ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ሶሉ መሐል ላይ አግዳሚ ብረት አለው። እንደ ሳህን ጠፍጣፋ የሆነው ነካሽ ብረት ላይ ደግሞ ሁለት መንጋጋዎች አሉ። አግዳሚው ከላይ ሲጫናቸው ይከፈቱና ነክሰው ይይዙታል፤ ምላሷ ካልተሳበች አይለቁም።

"ግን ለምን ተሠራ?" አልሁት። ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ነጭ ተራራ ነው። አንድ ወጣት ሁለት እግሩን ሳንቃ ላይ አስቆልፎ ቁልቁል ይምዘገዘጋል። "በበረዶ ላይ ነው፤ ስኖቦርድ ይሉታል" አለ።

"በረዶ በገብስ ላይ ሲጨፍር ነው እንጂ ሰው በበረዶ ላይ ሲጨፍር አላየሁም" አለች እናቴ። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!"

ቪዲዮው ቀጠለ። ሌሎቹ በረዶው ላይ ዘፍ ብለው፣ ተጎንብሰው እግራቸውን በቀበቶ ሲያስሩ ይታያሉ። ያኛው ግን ቆሞ ረገጠ፣ ተቆለፈ፣ ሄደ። እናቴ "እስቲ መልሰው" አለችው። እያሰሩ ወደቀሩት እየጠቆመች፣ "እነዚያ እኛ ነን" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሳይጎነበስ እኮ ነው" አለች። ካኪውን ረስተን ጫማውን ከነነካሹ ገዝተን ገባን፤ ለካኪው ሌላ ቀን ተመልሰን ነው የሄድነው።

ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ በያጅ አለ። የመኪናዬን መርገጫ አየና፣ "ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፣ ብበይደው ይሰነጠቃል" አለ። መርገጫውን በስቶ የነካሹን ሳህን በቡሎን አሰረልኝ። ምላሷ ላይ ሲባጎ ቋጥሮ ጫፉን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንጠለጠለው። ጫማው የጎልማሳ ነው፤ የካኪ ቁርጥራጭ ጠቅጥቄ አጠበብሁት። እስከ ቅልጥም የሚደርስ ደረቅ ስለሆነ ቁርጭምጭሚቴን ቀጥ አድርጎ ያዘው። በያጁ፣ "አንድ እግርሽ ውጭ አገር፣ አንድ እግርሽ ገበያ" እያለ ሳቀብኝ።

ወንበሬ ላይ ወጣሁ። እግሬን መርገጫው ላይ አሳረፍሁና ጉልበቴን በሁለት እጄ ተጫንሁት። ቀጭ! ሰፋሁ። ሲባጎውን ሳብሁ፤ ለቀቀኝ። እንደገና ቀጭ! እንደ ሕፃን ስደጋግመው በያጁ፣ "ተይ፣ ታበላሽዋለሽ!" ብሎ ጮኸ። እናቴ ጎንበስ አለች፤ ጫማውን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሽንብራ ልትነቅለው ጎተተችው። እንቢ አላት።

"ይዟል" አለች። ቀና ብላ ወደ መንገዱ አየች። "እንግዲያ ለመስከረም ማርያም አገሬ እገባለሁ።" እሰይ አልሁ፤ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ።

የመሄጃዋ ዋዜማ ግን ጉድ መጣ። ዝናብ ጥሎ ነበር። ዩኒፎርም ለደንበኛ ላቀብል እስከ መንገዱ ወጥቼ ተመለስሁ። ተቀመጥሁ፣ ተጫንሁ፤ ጸጥ። ደግሜ ተጫንሁ፤ አሁንም ጸጥ። እናቴ ስንቋን እየቋጠረች ነበር።

"ይኸው! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!" አለችና ጓዟን መፍታት ጀመረች። መቀነቱን አውጥታ ወደ እግሬ ጎንበስ ስትል ቱግ አልሁ።

"አትንኪኝ! አገርሽ ትገቢያለሽ ብያለሁ!"

"በማን እግር?"

"በእኔ እግር!"

ጩኸታችንን ሰምቶ በያጁ ሮጦ መጣ። ሰው የሞተ መስሎት ነበር። ጫማውን ገልብጦ አየና ሳቀ። አግዳሚው ብረት ዙሪያውን በቀይ ጭቃ ተለስኗል፤ መንጋጋው የሚነክሰው አጥቶ ነው። በሚስማር ጫረው። ተጫንሁ፤ ቀጭ!

"በረዶም ሳይጠቀጠቅበት አይቀርም፤ እነሱም ሲጭሩ ይሆናል የሚውሉት" አለ በያጁ።

እናቴ ሚስማሩን ተቀብላ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጠችው። "ስሚ፣ ይህ ጫማ ከደጃፍ አይወጣም። ለውጭው የላስቲክ ኮንጎሽን ታደርጊያለሽ። ማይልኝ!" አለች። እኔም ማልሁ።

በማግሥቱ መቀነቱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ወገቧ ላይ ሆነ። ቁመቷ የጨመረ መሰለኝ። መናኸሪያ ልሸኝሽ ብላት አሻፈረኝ አለች። "ስፊ። የመኪናሽን ድምፅ እየሰማሁ ልሂድ" አለችኝ። ተጫንሁ፣ ቀጭ አለ፣ መስፋት ጀመርሁ። ጎንበስ ብላ ለመጨረሻ ጊዜ ጫማውን ጎተተችው። ጉንጬን ሳመችኝና ወጣች።

ምን እንደሰፋሁ አላውቅም፤ እጅጌውን ከኪሱ ጋር ሰፍቼው ኖሯል። ዓይኔ እንባ ሞልቶ መርፌው አልታይ አለኝ። ድንገት ሲባጎውን ሳብሁ። ምርኩዜን ይዤ ደጃፉን አልፌ መንገዱ ዳር ደረስሁ።

"እማዬ!"

ዞረች። ፊቴን አላየችም፤ እግሬን ነው ያየችው።

"ጫማው! አንቺ የማትሰሚ! ጫማው!" ስትጮህ ጋሪ ነጂው ሳይቀር ፈረሱን ገትቶ አየን። ቁልቁል ባየው ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውጦኛል። ማንም ሳይፈታኝ መውጣቴ ያን ጊዜ ነው የታወቀን። እሷም ቆጣ እንዳለች አልቆየችም፤ መቀነቷን በሁለት እጇ ይዛ ትስቃለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

"ሚስማሩ መሳቢያው ውስጥ ነው!" አለችኝና ወደ መናኸሪያው መንገዷን ቀጠለች።

ከዓይኔ እስክትሰወር ቆምሁ። ከዚያ ገብቼ ሚስማሩን አወጣሁና የአገሬን ጭቃ መጫር ጀመርሁ።