ሰላላው ቀለህ

ሲ.ኤም.ሲ በምኖርበት ፎቅ፣ ከበረንዳው ብረቶች የአንዱ ጫፍ ክፍት ነው። ከእንጦጦ በኩል ንፋስ ሲመጣ ሰላላ ድምፅ ያወጣል።

አባቴ እንጦጦ ላይ ደን ጠባቂ ነበር። ጥይቱን የሚሞላው ራሱ ነው። ባሩድ ሳይጨምር በፊት እያንዳንዱን አዲስ ቀለህ ከከንፈሩ ሥር አስደግፎ ያፏጭበታል፤ የነሐሱ ሽታ ጺሙ ላይ ይቀር ነበር። ደህናው ቀለህ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ይሰልላል።

«አዲስ ነው ብለሽ እንዳታምኚው» ይለኛል። «ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ሳያፏጭበት አጎረሰ። ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈንድቶ ገደለው።»

የሰለለውን ቀለህ ግን አይጥለውም፤ መስኮቱ ላይ ያቆመዋል። ባህር ዛፉን ያወዛወዘው ንፋስ ገብቶ ሲያፏጭበት፣ አባቴ የያዘውን ትቶ ብድግ ይላል።

«አቤት ጋሼ!»

እናቴ ታማትባለች። «ማን እንደጠራህ ሳታውቅ አቤት አትበል እያልኩህ!»

እሱ ዳግመኛ የሚጠሩት ይመስል ቆሞ ይጠብቃል።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ዛሬ ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ የበረንዳው ብረት አፏጨ። ልጄ ከውስጥ ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ማን ጠርቶሽ ነው አቤት ያልሽው?»