በፋሲካ ማለዳ የተዘጋው ካዝና

ካዝና ጠጋኙ በዕድሜው ብዙ በር ከፍቷል። ቁልፍ የጠፋባቸው ነጋዴዎች፣ የሟች አባታቸውን ቁጥር የማያውቁ ወራሾች፣ ራሳቸው የዘጉትን የረሱ ሽማግሌዎች ሁሉ ደጁን ይጠናሉ። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፍ፣ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ መዞሪያውን በሁለት ጣቶቹ ሲያሽከረክር ላየው፣ የሚወዳት ሴት የልብ ምት የሚያዳምጥ ይመስላል። ሚስቱ ግን ትቀልድበታለች፤ «ብረት ሲያንሾካሹክለት ይሰማል፣ እኔ ስጮህ አይሰማም» ትላለች።

የሥራ ክፍሉ ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። በዚያ የፋሲካ ማለዳ መሐል ወለሏ ላይ ወገብ የሚደርስ አረንጓዴ ካዝና ቆሟል፤ አንድ ወርቅ ሠሪ ቁጥሩን ቀይርልኝ ብሎ የተወው ነው። ሳሎን ውስጥ ሚስቱ ዳቦ ትቆርሳለች። ልጆቹ ትናንት ቀይና ሰማያዊ የቀቧቸው እንቁላሎች ሳሕን ላይ ተደርድረዋል። እሱ ሸሚዙን እየቆለፈ ሳለ ቤቱ ድንገት ጭር አለበት። ሁለት ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ጭርታ ደግ ነገር አይደለም።

«አለቃ» እያሉ የሚጠሯት የስድስት ዓመት ልጁ ካዝናው አጠገብ እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ወንድምሽስ?»

«መቃብር ውስጥ ነው።»

«የምን መቃብር?»

«እማዬ የነገረችን ነዋ። ድንጋዩን ገጠምኩበት። ከዚያ ጠባቂዎቹ እንዳደረጉት አተምኩት።» በጣቷ የቁጥሩን መዞሪያ አሳየችው። «አሽከረከርኩት።»

ድንቡሼ የሚሉት ታናሽ ወንድሟ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። የብረቱ ውፍረት አንድ ጋት ይሆናል። ውስጡ ያለው አየር ለስንት ደቂቃ እንደሚበቃ አያውቅም፤ በመሰርሰሪያ ልብሳው ቢል ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«ድንቡሼ» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም።

ሚስቱ ደርሳ ነገሩ ሲገባት ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። «ክፈተዋ» አለች በቀስታ፤ ከጩኸት የባሰ ቀስታ ነበር። «ቁጥሩን ያስገባኸው አንተ አይደለህ?»

እሱ ነው። ሦስቱን ቁጥሮች አዞረና እጀታውን ሳበ። ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ቀስ ብሎ ሞከረ። ያው ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለው። የሙያው የመጀመሪያ ሕግ፣ አዲስ ቁጥር ከገባ በሩ ክፍት እንዳለ ሦስት ጊዜ መሞከር ነው። ትናንት አልሞከረም። ልጆቹ «ና እንቁላል አብረን እንቀባ» እያሉ ሱሪውን ሲጎትቱት፣ ነገ ይደርሳል ብሎ ተከትሏቸው ወጣ።

ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ። የሚሰማው የገዛ ልቡ ድለቃ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ያበላው ጆሮ ዛሬ ከዳው።

ሚስቱ ተንበርክካ ጉንጯን በሩ ላይ አሳረፈችና በሚቆራረጥ ድምፅ ማንጎራጎር ጀመረች፤

«ልጄ የዓይኔ ማረፊያ አትፍራ ጨለማ፣
አባትህ ከደጅ ነው ትንፋሽህን ሲሰማ።»

እዚያው ከሆዷ ያወጣችው ግጥም ነው። እሱ ግን አንዳችም ትንፋሽ አልሰማም፤ ይህን ሊነግራት አልደፈረም።

«እማዬ፣ ምን ያስለቅስሻል? ሦስት ቀን እኮ ነው የሚቆየው» አለች አለቃ።

«ዝም በይ፣ የኔ እናት። አባትሽ ያስብበት።»

ዐይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ ወደ ትናንት ተመለሰ። መዞሪያው ዙሪያ ሁለት ጭረቶች አሉ። የላይኛው በሩ ሲከፈት ቁጥሩ የሚገጠምበት ነው፤ በስተግራ ያለችው ትንሿ ጭረት ቁጥር ለመቀየር ብቻ ታገለግላለች። ትናንት ልቡ ልጆቹ ዘንድ ነበር። ቁጥሩን የገጠመው ከላይኛው ጭረት ላይ ነው። ተለማማጅ ቢሠራው ጆሮውን የሚቆነጥጥበት ስሕተት። ሦስቱም ቁጥሮች በሁለቱ ጭረቶች መካከል ባለው ርቀት፣ በዐሥር በዐሥር ተዛንፈዋል ማለት ነው። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ግን ድንጋጤው አስረሳው።

ዐሥር ዐሥር ጨምሮ አዞረ። እምቢ አለ።

ዐሥር ዐሥር ቀንሶ ጀመረ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሚስቱ እንጉርጉሮዋን አቆመች። እጀታው ዞረ።

ድንቡሼ ጉልበቱን አቅፎ፣ በላብ ተጠምቆ ተኮራምቷል። አባቱ ሲያነሣው ራሱ እንደ ጨርቅ ወደ ኋላ ዘንበል አለ። እናቱ ፊቱ ላይ እፍ አለችበት። ደግማ እፍ አለች። ልጁ ግንባሩን አኮሳተረ፣ አንዴ ረጅም ትንፋሽ ሳበ፣ ዐይኑን ገለጠ።

«ሦስት ቀን ሞላ?»

«የት ሞላና» አለች አለቃ ቅር እያላት። «አሁን የኔ ተራ ነው።»

ማንም አልሳቀም፤ የተቆጣትም የለም። እናትየዋ ሁለቱንም ደረቷ ላይ አጣብቃ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አባትየው መፍቻውን አንሥቶ የካዝናውን በር ከማጠፊያው ይነቅል ጀመር። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሚስቱ «ና ቁርስ እንብላ» ስትለው «መጣሁ» ይላል፤ አይመጣም። ያ ከባድ በር ወልቆ ግድግዳው ላይ እስኪደገፍ ድረስ፣ ብሎን በፈታ ቁጥር ዞር እያለ ልጆቹን ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት።