ከሳል ጋር የመጣ ምርቃት

ያ ሕመም የያዘኝ ከክፍል ነበር ወይስ ከምርቃቱ? ይኸው አርጅቼም መልሱን አላውቀውም።

የምንኖረው ቡታጅራ ነበር። ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ፣ ታናናሾቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር አራተኛ ክፍል እማራለሁ። ጥቅምት ላይ አገሩ ሁሉ በሳል ተያዘ፤ መምህራችን ሳይቀሩ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ነበር የሚያስተምሩን።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ሊጠይቁኝ ከቡኢ የመጡት ያን ሰሞን ነው። ድምፃቸው ተዘግቷል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ስስም ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ማርያም ትቅረብሽ፣ በሰላም ተገላገዪ» እያሉ እንትፍ እንትፍ አሉብኝ። መሀል ላይ ሳል አመለጣቸው። ከምርቃት ፊት ማዞር ነውር ነው፤ አላዞርኩም።

ብዙም ሳልቆይ ተኛሁ። ትኩሳቱ አጥንቴ ገባ። ጋደም ስል ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ ግድግዳ ተደግፌ እውላለሁ። አማቴ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨመቁልኝ።

«በቀትር ደብተር ታቅፈሽ ስትዞሪ መታሽ። ፊደሉ ያምጥልሻል?»

የክሊኒኩ ድሬሰር መጥቶ ደረቴን አዳመጠ። «ኢንፍሉዌንዛ ነው። በሳል ይጋባል፤ እርጉዝ ላይ ይጠናል።»

«ከማን ያዘኝ?» አልኩት።

«አገር እየሳለ ማንን ልጥራልሽ፣ እትዬ?»

ልጅቷ ያለ ወሯ ተወለደች። ጡት ለመሳብ እንኳ አቅም የላትም፤ ጥቂት ጎትታ ታንቀላፋለች። አማቴ ደረታቸው ላይ አስተኝተው፣ ወተቴን በጥጥ እያንጠባጠቡላት ሰነበቱ። ሳምንት አልሞላትም። ክርስትና አልተነሳችምና ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ጎረቤት «እግዜር ይተካልሽ» ብሎ ተመለሰ።

ትምህርቱን ተውኩት። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ «ያን ጊዜ ደብተር ታቅፈሽ ባትዞሪ» ይሉ ነበር። «እርስዎም እኮ ይስሉ ነበር» አላልኳቸውም። ልጄን እንዴት አቅፈዋት እንደነበር አይቻለሁ። ወደ ክፍል የተመለስኩት ከቀብራቸው በኋላ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወልቂጤ ያገባችው ልጄ አርግዛ ልጠይቃት ሄድኩ። መንገድ ላይ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ነበር። በሩ ላይ ጎንበስ ስትልልኝ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ኋላ አልኩ።

«መርቂኝ እንጂ እማዬ። ተቀይመሽኛል?»

«እዚያው ሁኚ። እያመመኝ ነው።»

«ለጉንፋን ነው እንዲህ የምትሸሺኝ?» ብላ ሳቀች።

ወንበር አወጣችልኝ። ከእሷ ራቅ ብዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና እህት እንደነበረቻት ነገርኳት።