የጀማል ስም በጀርመንኛ

ከአገር የወጣሁ ማታ እማ በር ድረስ እንኳ አልሸኘችኝም፤ "ጎረቤት ያያል" ብላ ሳሎን ውስጥ አቅፋኝ መብራቱን አጠፋችው።

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ጨርቅ ሻጮች ነን፤ እኔ ግን ኮሌጅ የሕግ መምህርት ሆንሁ። "ፍትሕ ለማግኘት ሁሉም እኩል መብት አለው" እያልሁ በማስተምርበት ሰሞን ወንድሜን ጀማልን ከሱቅ ወሰዱት። ክስ የለ፣ ችሎት የለ። ፖሊስ ጣቢያ ተመላልሼ "ለምን ታሰረ?" ብል፣ አንዱ ፈገግ ብሎ "መምህርት፣ አንቺንስ ማን ይጠይቅልሽ ይሆን?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም።

እናላችሁ፣ ጀርመን ገባሁ። እዚህም ሐይቅ አለ፤ ግን ዳሩ ላይ ዓሣ የሚጠብስ የለም፣ ነፋሱም እንደ ጣና አያባብልም፣ ይናከሳል። ጎረቤቴን ሰላም ስለው በሩ መቆለፉን ያረጋግጣል።

የጥገኝነት ጥያቄዬን የሚሰሙበትን ቀን አንሁሩንግ ይሉታል፤ መስማት ማለት ነው አሉኝ። የምትጠይቀኝ አንዲት ጀርመናዊት ሴትዮ ነበረች፤ አስተርጓሚው ግን ያገሬ ሰው ነበር። ገና ሳልቀመጥ "ባሕር ዳር የት? የማን ልጅ ነሽ?" ሲለኝ ልቤ ጠረጠረ።

"ይህ የሴትዮዋ ጥያቄ ነው ወይስ የእርስዎ?" አልሁት። ሳቀ።

በእንግሊዝኛ ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል፤ ሕግ እንጂ ለቅሶ በእንግሊዝኛ አልተማርሁም። ብዙ ተናገርሁ። እሱ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ጀርመንኛ ባላውቅም ስም አይተረጎምም፤ ጀማልን አንዴም አልጠራውም።

"ወንድሜ የታለ?"

"አሳጠርሁት፣ እኅቴ። ወሬ ሲበዛ አይወዱም።"

ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ ለሴትዮዋ "ያልሁት አልደረሰዎትም" አልኋት።

"አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለሽ። ተሰጥቶሻል።"

"እሱ ለእኔ ተሰጥቶኛል፤ የእኔ ቃል ግን ለእርስዎ አልተሰጠም። የጻፉትን ያንብቡልኝ።"

በእንግሊዝኛ አነበበችልኝ፤ "ከቤተሰቧ ጋር ባለመስማማት ከአገር ወጣች" ይላል።

"አልፈርምም!"

"ጉዳይሽ ይጓተታል።"

"ይጓተት።"

በሌላ ቀን አንዲት ጎንደሬ አስተርጓሚ መጣችልኝ፤ ስትተረጉም የጀማልን ስም በየመሐሉ እሰማ ነበር። ከወራት በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ። ያ የመጀመሪያው አስተርጓሚ ሰነፍ ይሁን ከመንግሥት የተላከ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሐበሻ ባየሁ ቁጥር ግን መንገድ እቀይራለሁ።

ባለፈው ዓርብ እማ ደወለች። "ጀማል ተፈታ፣ አልሐምዱሊላህ!"

"ስጪኝ፣ ላናግረው።"

"መስጊድ ሄዷል።"

ቅዳሜ ደወልሁ፤ ተኝቷል አለችኝ። እሑድ ገበያ ወጥቷል። መፈታቱን ተጠራጠርሁ። ዛሬ ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣

"እማ፣ አጠገብሽ ማን አለ?" አልኋት።

"ማንም" አለች፣ ቶሎ ብላ። "አንቺ አትደውይ፤ እኛ እንደውላለን።"

ስልኩን ግን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም።